ያልተወለደው ዓሣ የማን ነው?

በሆሳዕና ከተማ የሚኖር ሰው ስለ ሐይቅና ስለ ዓሣ ለመጻፍ ሲነሣ አንባቢው መገረሙ አይቀርም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት። በዙሪያዋ የሚታየው እንሰትና ባሕር ዛፍ፣ ስንዴና ባቄላ ነው እንጂ ታንኳና መረብ አይደለም። አገራችንም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1993 ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። እንግዲህ ወጣቶች አንባቢዎቼ «የዓሣና የሐይቅ ነገር ለእኛ ምናችን ነው?» ብትሉኝ ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው። ይህንንም ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ለዚሁ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ ነው።

መልሱን ከወንዝ እጀምራለሁ። ቢላቴ የሚባለው ወንዝ ከጉራጌና ከሐድያ ከፍተኛ ስፍራዎች ውኃ እየሰበሰበ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ከከምባታም ምድር የሚወርዱ ጅረቶች ይጨመሩበታል፤ በመጨረሻም ዓባያ ሐይቅ ይገባል። ዓባያ ከ1000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ ነው። ያየው ሰው እንደሚያውቀው ውኃው ቀይ ሸክላ የተበጠበጠበት ይመስላል። ያ ቅላት ከየት የመጣ ነው? ከተራራው የታጠበ አፈር ነው። ከፊሉም የእኛው የእርሻ መሬት ነው። በሻሾጎ ያለውን የቦዮን ሐይቅ ደግሞ ተመልከቱ። ክረምት ሲሆን ይሰፋል፣ በጋ ሲሆን ይጠባል፤ ውኃው ሲሸሽ ከብት ይሰማራበታል፣ የውኃ ወፍም ይሰፍርበታል። ወደ እርሱ የሚወርደው ጎርፍ ግን ውኃ ብቻ አይደለም፤ ደለልም ተሸክሞ ይመጣል።

ስለዚህ ሐይቅ ዳር የሚኖር ማለት ጎጆው ከውኃው አጠገብ የተሠራ ሰው ብቻ ነው ማለት ስሕተት ነው። ውኃው በደጁ የሚያልፍ ሰው ሁሉ የሐይቅ ዳር ሰው ነው። እኛ ዳገት ላይ ሆነን የምናደርገውን ሐይቁ ቆላ ሆኖ ይቀበለዋል። ይህን ካወቅን ደግሞ «አላገባንም» የምንልበት ምክንያት አይኖርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። ከምባታ ውስጥ ከዱራሜ ብዙ በማይርቅ ቀበሌ የተወለደ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አለ። አባቱ ለልጆቻቸው ሁሉ የሚያካፍሉት በቂ መሬት አልነበራቸውም። ሁለቱ ታላላቅ ወንድሞቹ እንደ ብዙዎቹ የሆሳዕናና የዱራሜ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰደዱ። እርሱ ግን ከአገሩ አልወጣም፤ ወደ ጫሞ ሐይቅ ወርዶ ዓሣ አስጋሪ ሆነ። ጫሞ ከዓባያ የሚለየው «የእግዜር ድልድይ» በሚባለው ጠባብ መሬት ነው። ባለፈው ዓመት ለመስቀል ወደ ዘመዶቹ ሲመጣ ሊጠይቀኝ ገባና ስለ ሥራው አወጋን። ዐይኑ በጣም በጠበበ መረብ እንደሚያጠምድና ገና ያልደረሰውንም ዓሣ እንደሚያወጣ ሳይደብቅ ነገረኝ። እኔም ይህ ነገር ነገ የሚጎዳው ራሱን እንደ ሆነ ብነግረው እንዲህ ሲል መለሰልኝ፦

«ጋሼ፣ እርስዎ የሚሉት እውነት ነው። ነገር ግን ሦስት ነገር ልንገርዎ። አንደኛ፣ ዓሣውን ማንም አላረባውም፣ ማንም አልቀለበውም፤ ስለዚህ የማንም አይደለም። ሁለተኛ፣ ዛሬ እኔ ብተወው ነገ ሌላው ያወጣዋል፤ እኔ እራባለሁ እንጂ ዓሣው አይተርፍም። ሦስተኛ፣ ልጆቼ ማታ እራት ይፈልጋሉ። ያልተወለደ ዓሣ የተወለደ ልጅ አያበላም።»

ይህን ንግግር እንደ ቀላል ነገር ልናልፈው አይገባንም። የተናገረው ሰነፍ ወይም ክፉ ሰው አይደለም፤ የሚሠራና ቤተ ሰቡን የሚወድ ሰው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስቱን ቃሎቹን በልቤ ሳመላልሳቸው ቆይቻለሁ። እስኪ አንድ በአንድ እንመርምራቸው።

«የማንም አይደለም» ያለውን በመጀመሪያ እንውሰድ። በዚህ ዓለም የማንም ያልሆነ ነገርና የሁሉ የሆነ ነገር በመልክ ይመሳሰላሉ፤ በሁለቱም ላይ አጥር የለም፤ በሁለቱም ላይ የባለቤት ስም አልተጻፈም። በግብር ግን እጅግ ይለያያሉ። የማንም ያልሆነውን የሚወስድ ሰው ማንንም አይበድልም። የሁሉ የሆነውን ከድርሻው አስበልጦ የሚወስድ ሰው ግን ሁሉን ይበድላል። አርስጣጣሊስ የሚባለው የግሪክ ፈላስፋ ከ2300 ዓመት በፊት፣ የብዙ ሰው የጋራ የሆነ ነገር ከሁሉ ያነሰ እንክብካቤ እንደሚያገኝ ጽፏል። ይህም ሰው ስለ ገዛ ራሱ ነገር አብዝቶ ስለሚያስብ ነው። እንግዲህ ሐይቁ ጠባቂ ያጣው ባለቤት ስለሌለው ሳይሆን ባለቤቶቹ ብዙ ስለሆኑ ነው።

ከባለቤቶቹም ውስጥ ገና ያልተወለዱ አሉ። ይህ አነጋገር ለአንዳንዱ ሰው ቅዠት ይመስለው ይሆናል፤ ለሐድያና ለከምባታ ሰው ግን እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። የጓሮውን እንሰት ይመልከት። እንሰት ለመድረስ እንደ ስፍራው ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጅበታል። እናቶቻችን ቆጮውን ለመፋቅ የሚመርጡት የደረሰውን ነው። ከዚያ በፊት ግን የአንዱን ግንድ እምብርት አውጥተው ሥሩን በአፈር ይቀብሩታል፤ ከእርሱም ብዙ ችግኝ ይበቅላል። ችግኙ ከአንድ መደብ ወደ ሌላው እየተዛወረ ያድጋል። ስለዚህ በአንድ ጓሮ ውስጥ የዘንድሮው ምግብ፣ የከርሞው ምግብና የአምስት ዓመት በኋላው ምግብ ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ። ረኀብ የጸናበት ሰው ያልደረሰውን ይነቅላል። ያልደረሰውን የሚነቅል ቤት መቸገሩን ግን ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፤ ይህ የመጨረሻው ነገር ነው እንጂ የዘወትር ልማድ አይደለም።

እንግዲህ ጠባቡ መረብ ምንድር ነው? ያልደረሰውን እንሰት በየቀኑ መንቀል ነው። ልዩነቱ እንሰቱ በጓሮ ቆሞ ስለሚታይ መሳሳቱ ወዲያው ይታወቃል፤ ዓሣው ግን ከውኃ በታች ስለሆነ ማለቁ የሚታወቀው ካለቀ በኋላ ነው። ናይል ፐርች የሚባለው የጫሞ ትልቅ ዓሣ ጊዜ ቢሰጡት 100 ኪሎና ከዚያም በላይ ሊመዝን ይችላል። ለመራባት የሚደርሰው ግን ብዙ ካደገ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ እንቁላል ሳይጥል የተያዘ ዓሣ ራሱ ብቻ አልተያዘም፤ ዘሩም አብሮ ተይዟል። በጣና ሐይቅም እንዲህ ያለ ነገር ደርሷል። በዚያ ያሉት አንዳንድ የዓሣ ዓይነቶች እንቁላላቸውን ለመጣል በክረምት እንደ ጉማራ ወዳሉት ገባር ወንዞች ይወጣሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና የናይለን መረቦች ከገቡ በኋላ ሰዎች በወንዙ አፍ ላይ እየጠበቁ ስላጠመዷቸው ቁጥራቸው በጥቂት ዓመታት ውስጥ እጅግ አሽቆለቆለ።

ወደ ሁለተኛው ቃል እንለፍ። «እኔ ብተወው ሌላው ያወጣዋል» የሚለው ከሦስቱ ሁሉ የጠነከረው ነው፤ ምክንያቱም እውነት አለበት። አንድ ሰው ብቻውን ደግ ቢሆን ሐይቁን አያድነውም። በካናዳ አገር በኒውፋውንድላንድ ዳርቻ የሆነውን እንመልከት። በዚያ ባሕር ኮድ የሚባለው ዓሣ ለ5 መቶ ዓመት ያህል ሲጠመድ ኖሯል። ከጊዜ በኋላ ታላላቅ የዓሣ መርከቦች መጡ፤ በ1968 በአንድ ዓመት ብቻ 800 ሺህ ቶን ያህል ወጣ። የአገሩ ሰዎች «የሚጨርሱብን የውጭ አገር መርከቦች ናቸው» ብለው ጮኹ። በ1977 ካናዳ እስከ 200 ማይል ያለውን ባሕር ለራስዋ ከለለችና የውጭዎቹ ተባረሩ። ነገር ግን የአገሩ መርከቦች በባዕዶቹ ቦታ ገብተው ያንኑ ሥራ ቀጠሉ። በ1992 መንግሥት ማጥመዱን ጨርሶ ሲከለክል 30 ሺህ ያህል ሰው ከሥራው ወጣ። ክልከላው ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ በመጠኑ የተነሣው በ2024 ነው። ከዚህ የምንማረው፣ የሌላው መስገብገብ የእኛን መስገብገብ ትክክል እንደማያደርገው ነው። ሁሉም «ሌላው ያወጣዋል» ሲል ያ ሌላው እያንዳንዱ ራሱ ነበር።

ነገር ግን ታሪኩ በዚህ ብቻ አያበቃም። በቱርክ አገር በአላንያ ከተማ የሚኖሩ ዓሣ አስጋሪዎች በየቦታው ሽሚያ በዝቶባቸው ሲጣሉ ኖረው በራሳቸው ምክር አንድ ደንብ አወጡ። የማጥመጃውን ስፍራዎች ሁሉ በስም መዘገቡ፤ በየዓመቱ በመስከረም ዕጣ ይጣጣሉ ነበር፤ ከዚያም እያንዳንዱ በየቀኑ ከአንዱ ስፍራ ወደሚቀጥለው ይዛወር ነበር። ስለዚህ ጥሩው ስፍራም መጥፎውም ለሁሉ በተራ ይደርስ ነበር። የሚያጭበረብር ቢኖር ተራው የደረሰው ሰው ራሱ ይጠብቀው ነበር። በአሜሪካ በሜይን ግዛት ደግሞ ሎብስተር የሚባለውን ባለ መቆንጠጫ የባሕር እንስሳ የሚያጠምዱ ሰዎች፣ እንቁላል የያዘች እንስት ሲያገኙ ጅራቷን ጥቂት ቆርጠው ምልክት ያደርጉባትና ወደ ባሕሩ ይመልሷታል። ኋላ የሚያገኛት ሌላው ሰው ምልክቱን አይቶ «ይህች ወላድ ናት» ብሎ እርሱም ይለቃታል። ማንነቱን የማያውቀው ሰው በባሕር ላይ የተወለትን መልእክት ያነብባል ማለት ነው። ኤሊኖር ኦስትሮም የምትባል አሜሪካዊት ሊቅ እንዲህ ያሉትን የጋራ ደንቦች በብዙ አገር መርምራ በ1990 መጽሐፍ አወጣች፤ በ2009ም በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት የተሰጣት የመጀመሪያይቱ ሴት ሆነች።

ይህ ሁሉ ለእኛ አገር ሰው የባዕድ ጥበብ ነውን? አይደለም። በሐድያና በከምባታ «ሴራ» የሚባል ነገር አለ። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ቃሉን ሲሰማ ተንኮል ይመስለዋል፤ በእኛ ዘንድ ግን ጎረቤት ከጎረቤት ጋራ የሚተዳደርበት ደንብ ማለት ነው። ሰው ሲሞት ማን እንደሚቀብር፣ ቤት ሲቃጠል ማን እንደሚሠራ፣ ያጠፋው ምን እንደሚከፍል የሚወሰነው በእርሱ ነው። በሐዘንና በእርሻ እንዲህ መስማማት የቻለ ሕዝብ በመረብ ዐይን ስፋት መስማማት ያቅተዋል ብዬ አላምንም። መንግሥት በበኩሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995ን አውጥቷል። ሕግ ግን ብቻውን ሌሊት ሐይቅ ዳር አይቆምም። ሕጉን ሥጋ የሚያለብሰው አስጋሪው ከአስጋሪ ጋራ የሚገባው ቃል ነው። ስለዚህ ለተማሪዬ ሁለተኛ ቃል መልሴ «አንተ ብቻህን ተወው» የሚል አይደለም፤ «ከሌሎቹ ጋራ ተማክራችሁ አብራችሁ ተዉት» የሚል ነው።

ሦስተኛው ቃል የረኀብ ቃል ነው። በዚህ ላይ የጠገበ ሰው ብዙ ሊናገር አይገባውም። ልጁ የራበውን ሰው ስለ ከርሞ ዓሣ መስበክ ግፍ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ትንሹን ዓሣ ከውኃ የሚያወጣው ድኻው ነው፤ የሚገዛው ግን ማን ነው? በዐቢይ ጾም ወራት ዓሣ ፈላጊ ሲበዛ በከተማ ሆቴል ተቀምጠን «ዓሣ ጎደለ ወይ?» እያልን የምንጠይቅ እኛ ነን። የዘንባባ ቅጠል የሚያህል ቆሮሶ ተጠብሶ ሲቀርብልን «ይህ ለምን ሳይደርስ ተያዘ?» ብሎ የሚጠይቅ ከመካከላችን ስንት አለ? ነጋዴው በርካሽ ይገዛል፣ እኛ በደስታ እንበላለን፣ ጥፋቱን ግን በአስጋሪው ላይ ብቻ እንጥላለን። ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም። ሐይቁ እንዲያርፍ የሚያስፈልገው መስዋዕት ካለ፣ የሚከፍለው ከሁሉ የደኸየው ብቻ ሊሆን አይገባም። ሐይቁ በሚያርፍበት ወራት አስጋሪው የሚሠራው ሌላ ሥራ እንዲያገኝ ማድረግ የሚበላውም፣ የሚነግደውም፣ የሚያስተዳድረውም ሁሉ ዕዳ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ተከራካሪ ተነሥቶ «ያልተወለደ ሰው መብት የለውም፤ አይናገርም፣ አይከስም፣ አያመሰግንም። ለእርሱ ብዬ ለምን እጎዳለሁ?» ይለኝ ይሆናል። አህያ «እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል» አለች የሚባለው ይህንኑ ነው። የምመልስለት ግን አጭር ነው። እኛም አንድ ጊዜ ያልተወለድን ነበርን። ያን ጊዜ አልተናገርንም፤ አልከሰስንምም፤ ነገር ግን ስንመጣ እንሰቱ ቆሞ፣ ምንጩ ፈልቆ፣ ዓሣው በሐይቁ ሞልቶ ጠበቀን። ይህን ያቆዩልን ሰዎች ምስጋናችንን አልሰሙም። በዋጋ የተገዛ ነገር ለሻጩ ይከፈላል፤ በአደራ የተቀበሉት ግን የሚመለሰው ለሰጪው ብቻ አይደለም፣ ለሚቀጥለውም ባለተራ ነው። በአገራችን ከሌባ ይልቅ የሚናቅ ሰው አደራ በላ ነው። ሌባ ያልታመነበትን ይወስዳል፤ አደራ በላ ግን የታመነበትን።

አደራው ሲበላ ምን እንደሚሆን ለማየት ካናዳ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። የሐረማያ ሐይቅ ውኃው ለከተማና ለመስኖ ሲቀዳ፣ ደለልም ሲሞላው ኖሮ በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት ደረቀ፤ ታንኳ ይሄድበት በነበረው ስፍራ ሰው በእግሩ ተሻገረ። ከጊዜ በኋላ ጥቂት ውኃ ተመልሶበታል፤ ይህም ተስፋ ነው። አብያታ ሐይቅ ግን ከእርሱና ከገባሮቹ ውኃ ሲወሰድ እጅግ ሸሸ፤ የቀረው ውኃ ጨውነቱ ስለበረታ ዓሣው ጠፋ። በአጠገቡ ባለው በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ይፈለፍሉ የነበሩት ነጫጭ ፔሊካኖች ቀድሞ ለጫጩቶቻቸው ዓሣ የሚያመጡት ከአብያታ ነበር። ዓሣው ከጠፋ በኋላ ምግብ ፍለጋ እስከ ዝዋይ ድረስ መብረር ግድ ሆነባቸው። ወፍ ክንፍ አላትና ወደ ሌላ ሐይቅ ትበራለች። የሐይቅ ዳር ሰው ግን ክንፉ ስደት ነው፤ የስደትን ዋጋ ደግሞ ከሆሳዕናና ከዱራሜ እናቶች ይልቅ የሚያውቅ የለም።

ወጣቶች ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ «እኛ ምን እናድርግ?» ብትሉ፣ ታላቅ ነገር አልጠይቃችሁም። ዳገት የሚያርስ አባት ያለው፣ እርከኑን አብሮ ይሥራ፤ በዳገት ላይ የቀረ አንድ ቁና አፈር ለእርሻችሁም ለዓባያም ሁለት ጊዜ ይጠቅማል። «ውኃ ሲወስድ አሳስቆ ነው» እንደሚባለው፣ አፈሩም የሚሄደው ጥቂት በጥቂት ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። ገበያ የሚወጣ፣ ያልደረሰ ዓሣ አይግዛ፤ ለምን እንዳልገዛም ለሻጩ በትሕትና ይንገረው። ነገ ሹም ወይም ነጋዴ የሚሆን፣ ሐይቁን ሲያስብ አስጋሪውን አይርሳ፤ አስጋሪውን ሲያስብም ሐይቁን አይርሳ። ሁለቱን የለያየ ሰው ሁለቱንም ያጣል።

ተማሪዬን ስሸኘው አልተስማማንም ነበር። ከበሩ ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ መረቡን ብለውጥ እርስዎ ምን ይለውጣሉ?» አለኝ። ይህ ጥያቄ ከሦስቱ ቃሎቹ ይልቅ የከበደ ነው፤ የተጠየቅሁትም እኔ ብቻ ሳልሆን ከወንዙ በላይ የምንኖር ሁላችን ነን። ያልተወለደው ዓሣ የማንም አይደለም ለማለት የሚችል የለም፤ የእኔ ብቻ ነው ለማለትም የሚችል የለም። እጃችን ላይ ያለ አደራ ነው፤ እጃችን ደግሞ ከምናስበው በላይ ረጅም ነው፤ ከሆሳዕና ዳገት እስከ ዓባያ ጥልቀት ይደርሳል።